ፈተናው እስኪያልቅ

ቦንጋ፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአብርሆት፣

እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ግን እንደ ልማዱ ነው። ቤቱም ደህና ነው፤ ጣሪያው ግን እንደ ልማዱ ነው። ሰላምታው በዚህ ይብቃን። የጠየቅሽኝ ብዙ ስለሆነ ወደዚያው ልግባ።

መጠይቅሽ ደርሶኛል። ሚሊዮን ሾፌሩ ፖስታውን አምጥቶ ሲሰጠኝ ቁም ነገር መስሎኝ መነጽሬን ጠርጌ፣ ቁጭ ብዬ ነው የከፈትኩት። «ከቃል ኪዳን ልጅዎ ጋር ያለዎትን ቅርበት እንዴት ይገልጹታል? በጣም ከፍተኛ፣ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ፣ በጣም ዝቅተኛ።» አብርሆት፣ ከባንክ ወንበር ተነስተሽ አዲስ አበባ የሄድሽው ይህን ለመጠየቅ ነው? ሰው «ልጅሽ ምን እያጠናች ነው?» ሲለኝ «ማስተርሷን፣ ከፍተኛ ትምህርትና የተማሪዎች ጉዳይ» እላለሁ። ባለፈው ጎረቤታችን ብርቄ «የተማሪዎች ጉዳይ ማለት ዶርም መደልደል ነው?» አለችኝ። እኔ ጡረታ እስክወጣ ትምህርት ቤት ስመራ የተማሪ ጉዳይ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም መማር። ያልተማረ ወላጅ ያመጣል፣ አለቀ። ለዚህ ማስተርስ አላስፈለገኝም።

ስለ አብዱ ለጠየቅሽው «መካከለኛ» ብለሽ ሙዪው። እዚህ ያለው ዩኒቨርሲቲ ከሩቅ ለሚመጡ ተማሪዎች የከተማ ቤተሰብ ሲያከፋፍል ይህ የባሌ ልጅ ለኔ ደረሰኝ፤ አልመረጥኩትም። እሁድ እሁድ መጥቶ ምሳ ይበላል። ሥጋውን ከሙስሊም ሥጋ ቤት አስገዛለሁ፤ ይህም ለሱ ብዬ ሳይሆን ጣጣ ስለማልወድ ነው። ሲበላ አያወራም፣ ሲጠጣ ድምፅ ያሰማል። ከዚህ ያለፈ ነገር የለንም። እንግዳ ልጅ ነው።

አልጋዬ ላይ ተኝቷል ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ሰሞኑን ሁለት ሌሊት ተኝቷል። ደክሞት ነበር። በምን እንደደከመ ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ። አንሶላው ታጥቧል።

አጎትሽን በስልክ አታስቸግሪው። እሱ ያለበትን የደካን ኔትወርክ ታውቂዋለሽ፤ ወልደሥላሴ ደግሞ ስልኩን ከኪሱ እስኪያወጣ የሚዘጋበት ሰው ነው። እኔ ወንድሜን አውቀዋለሁ። አንቺ ፈተናሽን ተፈተኚ።

ፈተናሽ የሚያልቅበትን ቀን ግን ቁርጡን ጻፊልኝ። ሰዓቱንም ጭምር።

እናትሽ በዛወርቅ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማዬ፣

ሰላምታው ይብቃን ካልሽ ይብቃን። እኔም ደህና ነኝ፤ አልጠየቅሽም እንጂ።

የመጨረሻው ፈተናዬ አርብ የካቲት 7 አሥር ሰዓት ላይ ያልቃል። ሰዓቱ ለምን እንዳስፈለገሽ አልገባኝም። በሕይወትሽ ስለ ፈተናዬ ስትጠይቂኝ የመጀመሪያሽ ነው። በእርግጥ ድሮ መጠየቅ አያስፈልግሽም ነበር፤ የፈተናውን ደወል የምታስደውዪው አንቺ ነበርሽ።

ስለ ትምህርታችን ላልሽው፣ እንዳሰብሽው ነው፤ ደስ ይበልሽ። አንዱ መምህር ስላይዱን ቃል በቃል ያነብልናል፣ እኛ ማንበብ የማንችል ይመስል። ግማሾቻችን ለደመወዝ እርከን ነው የመጣነው። ጣሰው የሚባል፣ ዕድሜውን ሙሉ ዶርም ሲያስተዳድር የኖረ ሰውዬ አለ። ይህንኑ እርከን በግልጽ ይናገረዋል። የቀሩት «ለተማሪው ካለን ፍቅር» እያሉ ይጀምራሉ፤ ሻይ ሰዓት ላይ ግን የሚያወሩት ስለ እርከኑ ነው። ከሁሉም ጣሰው ይሻለኛል። ጥር 19 ሰኞ እኔም ተራዬ ደርሶ ፕሬዘንቴሽን አቅርቤያለሁ። ርዕሱ «ቤተኝነት» ነበር፤ ከሩቅ የመጣ ተማሪ በግቢው ቤተኛ ሆኖ እንዲሰማው ምን ይደረግ የሚል ነው። አጨበጨቡልኝ። ስንወጣ ግን አንዳቸውም ያልኩትን አላስታወሱትም።

ለምን ይህን ትምህርት እንደመረጥኩ ጠይቀሽኛል፣ ወይም ሰድበሽኛል፤ አንቺ ጋ ሁለቱ አንድ ናቸው። ልንገርሽ። በትምህርት ቤትሽ ወላጅ መጥቶለት የማያውቅ ተማሪ እኔ ብቻ ነበርኩ። ወላጄ ዳይሬክተሯ ነበረች፤ ቢሮዋም ከክፍሌ ፊት ለፊት ነበር። ሲያመኝ እንኳ እንደማንም አንኳኩቼ «ቲቸር» ብዬ ነበር የምገባው። አንቺም «ክፍል ግቢ» ነበር የምትዪኝ። ተማሪ «ምን ሆነሽ ነው?» የሚለው ሰው እንደሚያስፈልገው ያወቅኩት ያኔ ነው። አሁን ደግሞ የባሌ ልጅ አልጋዬ ላይ «ደክሞት» ሁለት ሌሊት ይተኛል። ምን ሠርቶ ነው የደከመው?

አጎቴን ደውልላት በይልኝ። የልደት ቀኔን ረስቶ አያውቅም፤ ዘንድሮ ረሳው።

አብርሆት


አዲስ አበባ፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ በዛወርቅ፣

ሰዎችሽ መጥተው ነበር።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ። እትዬ የምሥራች ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ከኋላዋ ሦስት ሽማግሌ አስከትላ ቆማለች። ከዘመድ ሁሉ ቦሌ ያለችው እሷ ብቻ ናት፤ በዚያ ሰዓት ሽሮ ልታመጣልኝ እንዳልመጣች ገብቶኛል። የፈተናዬን ሰዓት ለምን እንደፈለግሽውም ያኔ ገባኝ። አርብ ማታ አንድ ሌሊት በሰላም እንድተኛ እንኳ ፈቅደሽልኛል። አመሰግናለሁ።

አጎቴ ጥር 18 ሞቶ ጥር 19 ተቀበረ። እሱ አፈር ሲለብስ እኔ ከንፈሬን ቀለም ተቀብቼ ስለ ቤተኝነት እቀባጥር ነበር። ከዚያ ሁሉ በኋላ አንቺ ቁጭ ብለሽ «ስልኩን ከኪሱ እስኪያወጣ የሚዘጋበት ሰው ነው፣ እኔ ወንድሜን አውቀዋለሁ» ብለሽ ጻፍሽልኝ። እጅሽ እንዴት አልተንቀጠቀጠም? ደብዳቤውን አውጥቼ አየሁት። ጽሕፈትሽ እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ ነው። የሰው ልጅ እንዲህ መዋሸት ይችላል?

ትምህርቴን ስነግረው ያልሳቀብኝ እሱ ብቻ ነበር። «ጥሩ ነው፤ ተማሪ ሰው ያስፈልገዋል» ነበር ያለኝ። ክረምት ክረምት ደካ ወስዶ ማር እያበላ ያከረመኝ እሱ ነው። ቲቸር ሳይሆን ጋሼ ነበር የምለው። እኔ ቀብሩ ላይ ካልቆምኩ ማን ሊቆም ነው?

እትዬ የምሥራች ማን እንደቆመ ነግራኛለች። አብዱ።

ለአርባው አልመጣም። ያለኔ መቅበር ከቻላችሁ ያለኔ አርባውን ማውጣት አያቅታችሁም።

አብርሆት


ቦንጋ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአብርሆት፣

ስድብሽ ደርሶኛል። «ወይዘሮ» ያልሽኝን ግን ሚሊዮን ፖስታው ላይ አንብቦት አፍሬያለሁ። ሁለተኛ ፖስታ ላይ እማዬ በይ፤ ውስጡን እንዳሻሽ።

እጅሽ አልተንቀጠቀጠም ወይ ላልሽው፣ ተንቀጥቅጧል። አንቺ ያየሽው ተቀድዶ ተቀድዶ በመጨረሻ የተጻፈውን ነው።

ፈተና ላይ ላለ ልጅ መርዶ አይነገርም። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም፤ አገር የሚያውቀው ነው። ነግሬሽ ቢሆን ሁሉን ጥለሽ ትመጫለሽ፣ ሴሚስተሩ ይበላሻል፣ ያን የማይረባ ትምህርት እንኳ ሳትይዢ ትቀሪያለሽ። የማይረባም ቢሆን ከተጀመረ ማለቅ አለበት። ለብርቄም፣ ለእድሩም፣ ለሚሊዮንም፣ ለዘመዱ ሁሉ «አብርሆት ፈተና ላይ ናት» ብዬ አስጠንቅቄ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ቦንጋ ውስጥ ይህን ያህል ሰው አፉን ዘግቶ ሲከርም አይቼ አላውቅም። እኔም ሐዘኔን ውጬ ስለ አንሶላ ጻፍኩልሽ። ስትረጋጊ ታመሰግኚኛለሽ፤ ካላመሰገንሽኝም ግድ የለኝም።

ስለ አብዱ ለጠየቅሽው። እሁድ ምሳ እየበላ ሳለ ነው ከደካ የተደወለልኝ። ጮኼ ወደቅሁ። ጎረቤት እስኪሰበሰብ እሱ እጁን ሳይታጠብ ወጥቶ መኪና ይዞ መጣ። ደካም አብሮኝ ሄደ፤ አልጠራሁትም፣ አልከለከልኩትምም። ድንኳን ተከለ። ቃሬዛውን ከወንዶቹ ጋር እየተቀባበለ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ተሸከመ፤ እዚያ ሲደርስ ለሌላ ሰጥቶ ውጭ ቆመ። ሥልስቱ እስኪወጣ ለለቀስተኛው እጅ ሲያስታጥብ ከረመ። የደካ ሰው «ይህ ልጅ ማነው?» ሲል «የበዛወርቅ ልጅ ነው» ይሉታል። እኔ ወንድ ልጅ እንደሌለኝ የሚያውቁትም ጭምር። ለማረም አቅም አልነበረኝም።

አሁን ደግሞ ጣጣው መጣ። ለካ ሰኞና ማክሰኞ ፈተና ነበረበት። ለማንም አልተናገረም። ሁለቱም ባዶ ሆኑበት፤ ውጤት ሲለጠፍ ዲስሚስ። ትናንት ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሊሰናበተኝ መጣ። «እትዬ፣ ላስቸገርኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ» ይለኛል! እኔን! ደደብ አልኩት። ሻንጣውን ነጥቄ አልጋሽ ሥር ከትቼዋለሁ፤ ለጊዜው እዚያው ነው፣ እሱም እዚያው ነው።

የተማሪዎች ጉዳይ ዲኑ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ተድላ። ያው ተድላ፣ ዘጠነኛ ክፍልን እኔ ያስደገምኩት። አሁን ክራቫት አስሮ በር ላይ ስሙን ለጥፏል አሉ። እኔ እዚያ በር ላይ ሄጄ አልቆምም። መጻሕፍትሽ እንዲህ ላለ ነገር የሚሉት ካለ ጻፊልኝ። ለማወቅ ያህል ነው የምጠይቀው።

እናትሽ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማዬ፣

ለማወቅ ያህል የጠየቅሽውን ለማሳወቅ ያህል እመልስልሻለሁ።

ፕሮፌሰሬን ጠየቅኩት፤ የሚነበብ ጽሑፍ ሰጠኝ፤ ስለ ሌላ አገር ነው። ጣሰውን ጠየቅኩት፤ ሻዩን ሳይጨርስ ነገረኝ። ፈተና ላይ ያልተገኘ ተማሪ የቅርብ ዘመድ ሞቶበት ከሆነ ይግባኝ ብሎ ማካካሻ ፈተና ሊሰጠው ይችላል። የናንተ ግቢ ደንብ የእናትን ወንድም ከቅርብ ዘመድ ይቆጥራል፤ ደውዬ አጣርቻለሁ። የቃል ኪዳን እናት ወንድም ግን የሚል የለም። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ነው፤ አንቺ እናቱ ነሽ ወይስ አይደለሽም?

ልጆቹን ሲያስረክቧችሁ በአዳራሹ ውስጥ እያንዳንዱ ቤተሰብ የልጁን እጅ ይዞ «ልጄ ነው» እንዲል ተጠይቆ ነበር። ሁሉም አሉ። አንቺ «እሺ» ብለሽ ተቀመጥሽ። እኔ አጠገብሽ ነበርኩ፤ ያኔ ስቄ ነበር። አሁን ሄደሽ ማለት ያለብሽ ያንኑ ቃል ነው። እኔ በስልክ ልልልሽ አልችልም፤ ጎረቤትም አይልልሽም። ይግባኙ የሚዘጋው መጋቢት 5 ነው። ተድላን ንቀሽው ሂጂ፤ ግን ሂጂ።

አንድ ነገር ደግሞ አልዋጥ ብሎኛል፤ ሳልጽፈው አላድርም። ያን ሰሞን ሁለት ልጆች ፈተና ነበረብን። ለአንዷ አገር ሁሉ አፉን ዘጋ። ሾፌሩ ዋሸላት፣ እድሩ ዋሸላት፣ እናቷ ሐዘኗን ውጣ ስለ አንሶላ ጻፈችላት። ሌላው ከምሳው ተነስቶ መኪና ሊፈልግ ሲሮጥ ግን «ነገ ፈተና የለህም ወይ?» ያለው አንድ ሰው የለም። አንቺ፣ ፈተና ስትፈትኚ የኖርሽው፣ አላልሽውም። ቃሬዛ ለመሸከም የበዛወርቅ ልጅ ነበር። ፈተናው እስኪያልቅ እንዲደበቅለት ግን እንግዳ ልጅ ነው።

እኔም ከአንቺ አልሻልም። አልጋዬ ላይ ስለተኛ ቀንቼበት ነበር። በኔ ቦታ ሲቀብር ከርሞ እንደተኛ ሳውቅ እንኳ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ያን ቀን ስለ ቤተኝነት ያጨበጨቡልኝን ሰዎች አሁን ሳስባቸው ያስጠሉኛል፤ ከሁሉም በላይ የማስጠላው ግን እኔው ነኝ።

አልጋው ላይ ይተኛ።

አብርሆት


ቦንጋ፣ መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአብርሆት፣

ያለፈውን ደብዳቤሽን አንብቤ ሁለት ቀን አላነጋገርኩሽም። ደውለሽ ያላነሳሁት ለዚያ ነው። ከዚያ ሄድኩ።

ጥቁሬን ለብሼ ሄድኩ። በር ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ አንድ እግሩ አጭር ነው፤ ለከፍተኛ ትምህርት ይህን ያህል በጀት ይዘው ድንጋይ ሥሩ ማድረግ አቅቷቸዋል። እዚያ ላይ እየተንገጫገጭኩ ተቀመጥኩ። ያስተማርኳቸው ልጆች ፋይል ይዘው ያልፋሉ፤ «ቲቸር፣ ምን ፈልገው ነው?» ይሉኛል። «አየር ልቀበል» እላለሁ። ተድላ ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ። ሲወጣ አየሁት፤ ክራቫቱ ሆዱ ላይ አልደረሰም። ሲያየኝ ተደናግጦ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመ። ይህ ትንሽ አጽናናኝ።

አስገቡኝ። ኮሚቴ ናቸው፤ አምስት ሰው ሆነው አንድ ወረቀት ያነባሉ። ተድላ «ቲቸር፣ ለመዝገቡ ያህል ነው፣ ከተማሪው ጋር ያለዎት ግንኙነት ምንድን ነው?» አለኝ። «እናቱ ነኝ» አልኩ። አንዷ ፈገግ አለች። ዞሬ አየኋትና ተወችው። «ልጄ ነው፤ የሞተው አጎቱ ነው፤ ሄዶ ቀብሯል፤ ሌላ ምን ልጨምር?» አልኩ። አብዱ በሩ አጠገብ ቆሞ ጫማውን ያያል።

ከዚያ ያ ዘጠነኛን የደገመ ልጅ ቀስ ብሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እናቱ ከሆኑ፣ ቲቸር፣ ፈተና እንዳለበት እንዴት አላወቁም?»

ይህ የኔ ጥያቄ ነው። ለስንት ወላጅ፣ ቢሮዬ አቁሜ፣ በዚሁ ድምፅ ጠይቄዋለሁ። ማንም ወላጅ መልሶልኝ አያውቅም፤ እኔም ለምን እንደማይመልሱ ገብቶኝ አያውቅም ነበር። «መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩትም። የራሴን ልጅ ፈተና ስጠብቅ የሱን ረሳሁ» አልኩት። ተድላ አቀርቅሮ ጻፈ። እንዲያሾፍብኝ ጠብቄ ነበር፤ አላሾፈም። እሱን ስንቅ መኖሬ ቀላል ነበር፤ አሁን አስቸገረኝ።

ፈቅደዋል። ሁለቱንም ፈተና ሐሙስ መጋቢት 25 ይፈተናል፤ ሁለተኛው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያልቃል። ይህ ካለፈው ሌላ የለም ብለዋል።

ስንወጣ አብዱ እጄን ሊስም ጎንበስ አለ። «ይህን ያህል ጊዜ ካለህ ሂድና አጥና» አልኩት። አሁን አንቺ ክፍል ውስጥ ነው። እኔ ሁዳዴ፣ እሱ ረመዳን፤ ሁለታችንም ባዶ ሆዳችንን ቀኑን ሙሉ ስንነታረክ እንውላለን። መግሪብ ሲል ቴምሩን አቀርብለታለሁ፤ ከዚያ ደብተሩን አየዋለሁ። ጽሕፈቱ ያስጠላል። ልጁ ግን ደደብ አይደለም፤ ይህን ለሱ እንዳትነግሪው።

እናትሽ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማዬ፣

ደብዳቤሽን ለጣሰው አነበብኩለት። አግዳሚ ወንበሩ ጋ ስደርስ ሳቀ፤ «የኔ ጥያቄ ነው» ያልሽበት ጋ ስደርስ ግን ኮፍያውን አወለቀ። «እናትሽ ትምህርታችን ላይ መጥታ ብታስተምር» አለኝ። ትንቂዋለሽ አልኩት።

ለጥናት ጽሑፌ ስለ ቃል ኪዳን ቤተሰቦች እጽፋለሁ ብዬ ርዕስ አስገባሁ። ፕሮፌሰሩ «ጠባብ ነው፣ መላውን አገር አድርጊው» አለኝ። መላው አገር ቦንጋ ያለችውን እናቴን እንደማያህል ልነግረው ፈልጌ ተውኩት። መጠይቁን ግን ቀድጄዋለሁ። «መካከለኛ» ያልሽውን ለማንም አላሳየሁም።

ለአርባው ባለመምጣቴ ክፉኛ ጸጽቶኛል። ደካ ሄጄ አጎቴ መቃብር ላይ መቆም እፈልጋለሁ፤ ክረምት ሲገባ አብረሽኝ ትሄጃለሽ? አልጋዬን አታስለቅቂው፤ ሳሎን እተኛለሁ። ልጁን ደግሞ ለፈተናው ብለሽ ተቆጥተሽ አታስደንግጪው። እኔን እንዲያ ነበር የምታደርጊኝ።

አንድ ጥያቄ ብቻ። ሰው «ልጅሽ ምን ታጠናለች?» ሲልሽ አሁንም ታፍሪያለሽ?

አብርሆት


ቦንጋ፣ ሰኞ፣ መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአብርሆት፣

ሚሊዮን ይህን በእጅሽ ይሰጥሻል፤ አንብበሽ እስክትጨርሺ እንዳይሄድ ብዬዋለሁ። በስልክ ያልነገርኩሽ ልጁ ከቤት ስለማይወጣ ነው። ድምፄንም አላመንኩትም።

ትናንት ዒድ ነበር። አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ከመስጊድ ሲመለስ የገዛሁለትን ጣፋጭ አቀረብኩለት። ጠዋት ጊኒር፣ ቤቱ፣ ደውሎ ነበር፤ «አባትህ መስጊድ ነው፣ ማታ ደውል» አሉት። አመነ። ቀትር ላይ የኔ ስልክ ጮኸ፤ የማላውቀው ቁጥር ነው። የአብዱ አጎት ነኝ ሲለኝ እንኳን አደረሳችሁ ሊለኝ መስሎኝ ሳቅሁ።

አባቱ ቅዳሜ ማታ አርፈዋል። በዒዱ ቀን ተቀብረዋል። ሰውዬው እያለቀሰ «ልጁ ፈተና እንዳለበት ሰምተናል። እዚያ እናቱ እርስዎ ነዎት፤ እንደመሰለዎት ያድርጉ» አለኝና ዘጋው። ጓሮ ወጥቼ እንሰቱ ሥር ትንሽ ቆምኩ። ስገባ «ማነው እትዬ?» አለኝ። «የእድር ሰው ነው» አልኩት። የሸሚዝህ ኮሌታ ጠቦሃል፣ ሲሸጡልህ ዓይንህን ጨፍነህ ነበር ወይ ብዬ ሰደብኩት። ሳቀ።

ደንቡ የፈለገው ዓይነት ሞት ይኸው መጣ። አባት። አሁን ማንም ግንኙነታችሁ ምንድን ነው አይለውም። ዛሬ ብነግረው ዛሬውኑ ይነሳል። ቀብሩ አልፏል፤ የሚደርስበት የለም። ግን የበኩር ልጅ ነው፤ ከሄደ ማሳውንም፣ ታናናሾቹንም ያስረክቡታል። ከዚያ ቦንጋ የሚባል ነገር ያበቃለታል። ተድላ ሦስተኛ ፈተና ቢፈቅድለት እንኳ የሚፈተነው ልጅ አይኖርም። ይህን ነው የፈራሁት።

መጻሕፍትሽ ምን እንደሚሉ አልጠይቅሽም። ልትዪኝ የምትችዪውን አውቀዋለሁ፤ በራስሽ ላይ ሲደርስ ብለሽኛል። አንድ ቀን እሱም «ለወይዘሮ በዛወርቅ» ብሎ ይጽፍልኝ ይሆናል። ይጻፍ። ተመርቆ ይጻፍልኝ።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እየተቆጣሁ አበላዋለሁ። ቁጣዬን ከተውኩ ይጠረጥራል። ተድላ ጋ ዛሬ ሄጄ ነግሬዋለሁ፤ ወንበሩ እንደዚያው ነው። «እኔም ፈተናው እንዳለቀ ቀጥ ብዬ እመጣለሁ፣ ቲቸር» አለኝ። ከመስጊድም ሁለት ሽማግሌ ይመጣሉ። ሁሉም ደግ ሰዎች ናቸው፤ ግን አንዳቸውም ዘመዱ አይደሉም። መርዶ ሲነገር ከጎኑ የምትቀመጥ እህት ያስፈልገዋል። እኔ መንገር እችላለሁ፤ ከነገርኩት በኋላ ምን እንደሚባል ግን አላውቅም። «ክፍል ግባ» ብቻ ነው የማውቀው። አንቺ ደግሞ ይህን ስትማሪ ነው የከረምሽው። አፍርበታለሁ ወይ ላልሽው መልሴ ይኸው ነው።

ረቡዕ ንጋት ላይ ከሚሊዮን ጋር ተሳፈሪ። ጥቁርሽን ቦርሳ ውስጥ አድርጊው፤ ለብሰሽው እንዳትገቢ። ፊትሽንም አስተካክዪ፤ መዋሸት ከኔ ብቻ እንዳይሆን።

በሩ ላይ ሲያይሽ ለምን መጣሽ ማለቱ አይቀርም። አልጋዬን ላስለቅቅህ ነው በይው። ይስቃል። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ይሳቅ።

እናታችሁ በዛወርቅ